ስድሳ ሁለት ቤቶች በታችኛው ሜዳ

ቭርባቻ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2012

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለፍራኔ፤

ከእኛ ወንዝ አፍ እስከ እናንተ ደሴት ያለውን ባሕር ሁሉ የሚሞላ ሰላምታ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ልጅህ ኬሪስ? የልጅ ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ከግራ ጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ይዞ በእግርም በታንኳም ዞሯል፤ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

ባለፈው ደውለህ ‘ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ?’ ብለህ ስቀህብኛል። ጡረታ የወጣች ደብዳቤ አዳይ ካልጻፈች ማን ይጽፋል? ደግሞ በስልክ ስናወራ ‘እሺ፣ እሺ’ ትለኛለህ እንጂ አትመልስልኝም። በወረቀት የጠየቅኩህ ነገር ግን ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጦ ሲያይህ ይውላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ፕላን አውጥቶ ሕዝብ እንዲያየው አዳራሹ ውስጥ ዘርግቶታል። በታችኛው ሜዳ ላይ፣ ከሸምበቆው ሐይቅ ጥግ ጀምሮ እስከ እኔ ቤት ቦይ ድረስ፣ ስድሳ ሁለት የእረፍት ቤቶች ሊሠሩ ነው። እያንዳንዱ የመዋኛ ገንዳ አለው። ጎረቤቴን ሚዮን መቼም ታስታውሰዋለህ፤ ሰማንያ ዓመት ሞልቶትም እንቁራሪት ማደን አልተወም። ካርታውን ሲያይ ቆይቶ ‘ውሃ ላይ ቆመው ውሃ የሚቆፍሩ ሰዎች ዛሬ አየሁ’ አለ።

ቤቶቹ የሚቆሙት ሜዳው በድንጋይና በአፈር ሁለት ሜትር ከተሞላ በኋላ ነው። አያቶቻችን በአካፋ የቆፈሩት ትልቁ ቦይ ይደፈናል። ክረምት ሲመጣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ የት ይገባል? እኔ ወጥ ቤት ነዋ! ቤቴ ቦዩ አፍ ላይ እንደሆነች ታውቃለህ። እናቴ የሞተችባት፣ እኔም ልሞትባት ያሰብኳት ቤት ናት፤ ሌላ የለኝም።

ተቃውሞዬን በአስተያየት መዝገቡ ላይ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ግን ‘እትዬ ማንዴ፣ ቤትዎ ከፕላኑ ውጭ ስለሆነ የጎረቤት አስተያየት ነው የሚባለው። ሜዳው ውስጥ መሬት ያለው ሰው ቢቃወም ግን ኮሚሽኑ የግድ ተነጋግሮ መልስ መስጠት አለበት’ አለችኝ። እኔ ሜዳው ውስጥ መሬት የለኝም። አንተ ግን አለህ። የአባትህ ቁራጭ መሬት አሁንም በስምህ ናት። ስለዚህ በአንተ ስም ሆኜ እንድቃወም ውክልና ላክልኝ። ጊዜ አለን፤ ኮሚሽኑ ሥራውን የሚጨርሰው ከአዲሱ ዓመት በኋላ ነው።

በለሱ ዘንድሮ ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቷል። እመቤታችን ትጠብቅህ።

እህትህ ማንዴ


ሄንደርሰን፣ ኒውዚላንድ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2012

ለእትዬ ማንዴ፤

የአምላክ ቸርነት ከቤትሽ ጣራ አይራቅ። ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። ለመንደሩ ሰው አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ፤ የሞቱትን እየዘለልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ኬሪም ልጆቹም ደህና ናቸው። እዚህ ወይኑ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ጡረታ ብወጣም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ የሰው ወይን እቆጣጠራለሁ። ባለቤቱ ታግሦኛል።

ስለ ውክልናው አትስጊ። እዚህ ያለው ቢሮ ቀርፋፋ ነው፤ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ግን እትዬ፣ አትቆጪኝና እስቲ ልጠይቅሽ፤ ነገሩ ሁሉ ክፉ ብቻ ነው? ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ብለሽኝ ነበር። ሲመሽ መብራት የሚበራባቸው ቤቶች ዘጠኝ ብቻ ቀሩ ብለሽኝ ነበር። ስድሳ ሁለት በረንዳ ወደ ሸምበቆው ዞሮ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ልጆች ሲጮሁ ቢሰማ መንደሩ አይደምቅም? ግንባታውስ መቼ ይጀመራል ይላሉ? በዚህ ዓመት ነው በሚመጣው?

ሸምበቆው ሲታጨድ የነበረው ሽታ አሁንም አለ? ነጮቹ የሳቢሳ ወፎች አሁንም በትልቁ ቦይ ላይ ይሰለፋሉ? ስትጽፊልኝ ይህን አትርሺ። ሌላው ወሬ ቢቀር ይቅር።

ወንድምሽ ፍራኔ


ቭርባቻ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2012

ለወንድሜ ለፍራኔ፤

እንደምን ከርመሃል? ይህ ደብዳቤ በጤናህ ላይ ጤና ጨምሮ ያግኝህ። ‘የሞቱትን እየዘለልሽ’ ያልከውን ለሚዮ ብነግረው ‘እኔን እንዳይዘለኝ፣ ገና አለሁ በይው’ ብሏል። ሳቢሳዎቹ አሉ። ሸምበቆው ባለፈው ሳምንት ታጨደ፤ ሽታው ያው ነው። ቆርጬ ፖስታው ውስጥ ጨምሬልሃለሁ፤ የጉምሩክ ሰዎች ካልነጠቁህ አሽትተው።

ሐሙስ ዕለት ኮሚሽኑ ቦታውን ሊያይ መጣ። አምስት ናቸው። የምትመራቸው ዶሮቴያ የምትባል ከዋና ከተማው ከዛግሬብ የመጣች ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች። አራቱ የእኛው ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸውን ታውቃቸዋለህ። ቀኑ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ! ደረቁ ነፋሳችን ቡራ ከተራራው ወርዶ ሰማዩን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎታል፤ መሬቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት ደርቋል። ልጅቷ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ተራምዳ ጫማዋን ሳታቆሽሽ ተመለሰች።

‘እማማ፣ ረግረጉ የታለ?’ አለችኝ።

‘ይመጣል’ አልኳት።

‘መቼ?’

‘ሲፈልግ።’

አራቱ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ የሆነ ነገር ጻፈች። ቃለ ጉባኤው ግን ‘መሬቱ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል’ ይላል። ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። በኤፕሪል መጡ፣ ደረቅ። በጁን መጡ፣ ደረቅ። ሚዮ ‘አንቺ ማንዴ፣ እነዚህ ሰዎች ሜዳውን የሚያውቁት የእሁድ ልብሱን ለብሶ ሲጠብቃቸው ነው’ አለ። እኔም ተናድጄ ቤቴ አስገብቼ አበላኋቸው። ምን ላድርግ? እንግዳ ነው። በለስና የራኪያ አረቄ፣ የደረቀ ሥጋም ቆራርጬ አቀረብኩ። ጠግበው ሄዱ፤ እኔ ሳህናቸውን ሳጥብ ቀረሁ።

ውክልናው አልደረሰኝም። ቢሮው ምን ያህል ቢንቀራፈፍ ነው? እባክህ ሂድና አፋጥጣቸው። ያላንተ ተቃውሞ የእኔ ሦስት ገጽ መጠቅለያ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ በረንዳው እኔ የጻፍኩልህ ነገር የለም። ወደ ሸምበቆው እንደሚዞር ከየት አወቅህ? ልክ ነህ፤ ካርታው ላይም እንደዚያ ነው።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

ማንዴ


ሄንደርሰን፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2012

ለእትዬ ማንዴ፤

ስለ መዘግየቴ ይቅር በይኝ። ሰላምሽ እንደ ወንዙ አይጉደል። ሸምበቆውን ማንም አልነጠቀኝም፤ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ኬሪ አልጋዬን ስታነጥፍ አግኝታው ‘አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?’ አለችኝ። ‘መድኃኒት ነው’ ብያታለሁ።

በረንዳውን ያየሁት በእኛ አገር ሰዎች ክለብ ግድግዳ ላይ ነው። አልሚው ድርጅት የላከው ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ያምራል። ውክልናው ደግሞ፣ ቀጠሮዬ ተላለፈ። እጄንም ትንሽ አሞኝ ነበር።

አንቺ ስለ ቤትሽ ስትጽፊ እኔም ስለ ቤቴ ልንገርሽ። ኬሪ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ጥሩ ክፍል ሠርታልኛለች። ይሞቃል፤ ምንም አይጎድለውም። የልጅ ልጆቼ ይወዱኛል። ግን ባለቤቴ ሩት ከሞተች ወዲህ፣ እሷ እንኳ የእኛን ቋንቋ በግድ የተማረች ሴት ከሄደች ወዲህ፣ በቋንቋዬ የምቆጣው ሰው የለኝም። በሰው ቋንቋ መቆጣት ደግሞ አይጣፍጥም። ለድመቷ እናገራለሁ፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሄዳለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ በታንኳ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ በዚያው በታችኛው ሜዳ ላይ እየቀዘፈ አልነበረም? ዩጎ ሲነፍስ ነበር። ያ እርጥብ የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ወደ ወንዙ አፍ ሲገፋው ሜዳው ሐይቅ ይሆን ነበር። እና ኮሚሽኑ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቴም ደረቅ ያገኘው ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ እንኳ ዩጎ አይገጥመውም? ይህን እያሰብኩ ባለፈው ሳምንት እዚህ የሠፈር ስብሰባ ሄድኩ። ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ነፋሱ ጣራ ይነቅላል፤ ሰዎቹ ግን ቁጭ ብለው ስለ ቆሻሻ ገንዳ ይከራከራሉ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እኛ በዩጎ ቀን ስብሰባ አንቀመጥም! አባቴ በዩጎ ቀን በሬ እንኳ አይሸጥም ነበር። አሁንም እንደዚያ ነው?

ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ቀድጄ መልሼ ጻፍኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ፍራኔ


ቭርባቻ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2012

ለፍራኔ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ገናንም ከልጆችህ ጋር በጤና ያድርስህ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዓይንም እንደዚያው መሆኑን ገና አሁን አወቅኩ። ስድሳ ሰባት ዓመት በዚህች ረግረግ ኖሬ አንተ ከዓለም ጫፍ ሆነህ ያየኸውን አላየሁም። አዎ፣ አሁንም እንደዚያው ነን። የዱሮ ሽማግሌዎች በዩጎ ቀን ሕግ አያወጡም ነበር፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ባልና ሚስት ድስት ይወራወራሉ። ስለዚህ ዛሬም በዩጎ ቀን ማንም ውል አይፈርምም፣ ሽምግልና አይላክም፣ ማዘጋጃ ቤቱም ስብሰባ አይጠራም። ይህን ማንም እንደ ነገር አይቆጥረውም። በሌሊት አይታጨድም እንደ ማለት ነው።

ደብዳቤህን እንደያዝኩ ከንቲባው ጋ ሄድኩ። ሺሜ ማለት የክርስትና ልጄ ነው፤ የያኮቭ ልጅ፣ ያ ሲጠመቅ ቄሱን የነከሰው። አሁን ከንቲባ ሆኖ ክራቫት ያስራል።

‘ሺሜ፣ ኮሚሽኑ ቦታውን ሊያይ ስንት ጊዜ ተቀጠረ?’ አልኩት።

‘አምስት ጊዜ።’

‘ስንት ጊዜ መጣ?’

‘ሦስት።’

‘ሁለቱ ለምን ቀረ?’

‘ዩጎ ነበራ፣ ክርስትና እናቴ! በዩጎ ማን…’ ብሎ ጀመረና የቀጠሮ መዝገቡን ሳበ። ከዚያ ራሱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። ‘አቤት የእኛ ነገር! ውሃው በመጣ ቁጥር እኛ ቤታችን ተኝተናል!’

‘አሁን በዩጎ ይምጡ’ አልኩት።

‘እርስ በርስ ይባላሉ እኮ!’

‘ይባሉ።’

‘እኔ ራሴ ያን ቀን ለሚስቴም አልመች።’

‘በሌላው ቀን ትመቻታለህ?’

ሲቸግረው እዚያው ፊቴ ኢንጂነሯ ጋ ደወለ። ድምጿን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። ‘ዩጎ ምንድን ነው? ነፋስ ነው? ታዲያ ካፖርት ለብሰን እንመጣለን’ አለች። የዛግሬብ ልጅ ምን ታውቅ! በጃንዋሪ የመጀመሪያው ዩጎ በነፈሰ ዕለት ይመጣሉ። አራቱ ከአሁኑ ራሳችንን አመመን እያሉ ነው።

ስለ ገጹ የጠየቅኩህ ነገር የለም፤ አትጠይቂኝ ብለሃልና። ውክልናውንም ተወው። ይቅር። እጅህንም ጠብቅ። ከእንግዲህ የምጠይቅህ ነገር የለኝም።

ማንዴ


ሄንደርሰን፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2013

ለእትዬ ማንዴ፤

እንኳን አደረሰሽ። አዲሱ ዓመት የሰላምና የጤና ይሁንልሽ፤ ይህን የምለው እንደ ወጉ አይደለም፣ ከልቤ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስከ መጨረሻው ድረስ ስስቅ ነበር፤ ‘ውክልናውን ተወው’ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። አንቺ ስትጮኺብኝ አልፈራሽም፤ ዝም ስትዪኝ ነው የምፈራሽ። ልጆች ሆነንም እንዲሁ ነበር።

ስለዚህ ልናዘዝ። ቢሮው ቀርፋፋ አይደለም። እጄንም አላመመኝም። የአባቴን ቁራጭ መሬት አምና ለአልሚው ድርጅት በቀብድ ሰጥቻለሁ። ፕላኑ ሲጸድቅ በምላሹ ቁጥር አሥራ አራት ቤት የእኔ ይሆናል። በረንዳው ወደ ሸምበቆው የዞረው የእኔው ነው። ከአንቺ በር መቶ ሃያ እርምጃ ይርቃል፤ ካርታው ላይ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ማለዳ መስኮት ስትከፍቺ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ እንድታዪኝና ‘አንተ ማነህ?’ ብለሽ እንድትጮኺ ነበር ያሰብኩት። ውሃው ቤትሽ እንደሚገባ አላሰብኩም። በማርያም፣ አላሰብኩም። ድርጅቱ በላከው ሥዕል ላይ ቤትሽ የለችም። በቦታዋ የሣሉት ዛፍ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ነው የገባኝ። ከገባኝ በኋላም ሦስት ወር ዋሸሁሽ፤ ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ለምን አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ እናትሽም ሆነች አንቺ ስትጽፉልኝ ‘እንዴት ነህ’ ብላችሁኛል። ‘ጤና ይስጥህ፣ እመቤታችን ትጠብቅህ’ ብላችሁኛል። ‘ና’ ያለኝ ሰው ግን የለም። አንድም ደብዳቤ ላይ የለም፤ ሁሉም ሣጥኔ ውስጥ ስላለ አገላብጬ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ቦታዬ ተሸፍኗል ማለት ነው አልኩ። ግን ያልተጠራ ሰው በሰው በር አይቆምም፤ በራሱ በር ነው የሚገባው። ስለዚህ በር ልገዛ ሞከርኩ።

ውክልናውን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ፤ ማኅተሙ ላይ እንባ የመሰለ ነገር ብታዪ ሻይ ነው። በውሉ መሠረት ፕላኑ እስኪጸድቅ ድረስ የመሬቱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ካልጸደቀ ደግሞ ውሉ ይፈርሳል። ስድሳ ሁለቱንም ቤቶች በስሜ ተቃወሚልኝ። ከሁሉ አስቀድመሽ ቁጥር አሥራ አራትን።

ያሳዘንኩሽ ወንድምሽ
ፍራኔ


ቭርባቻ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2013

ለወንድሜ ለፍራኔ፤

በሰማይ ያለው ሁሉን የሚያይ ጌታ ሰላሙን ያብዛልህ፤ ልብህንም ያሳርፈው። ውክልናህ ጃንዋሪ 17 ቀን ገባ። ሻይ ጠጪ ሆነህ የለ እንዴ፣ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ረጥቧል።

ዩጎ እንደ ሙሽራ አስጠበቀን። በስተመጨረሻ ጃንዋሪ 22 ቀን ማለዳ ስነቃ ግድግዳው ላብ አልቦታል፣ ጨው እርጥብ ሆኗል፣ ሚዮ በአጥር በኩል ዶሮዬን ይሳደባል። ‘መጣ!’ አልኩ። ወዲያው ለሺሜ ደወልኩ። ‘ክርስትና እናቴ፣ ዛሬ አይሆንም፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው’ አለኝ። ‘አንተን ያጠመቀህን ቄስ ጠርቼ ነው የማመጣህ’ ስለው ሻሽ ግንባሩ ላይ አስሮ መጣ።

በሁለት ታንኳ ወጣን፤ አንዱን ሚዮ ቀዘፈ፣ አንዱን እኔ። ከአራቱ የኮሚሽን አባላት ሁለቱ ገና ከመሳፈራቸው በ1987 ስለ ተተከለ አጥር ተጣሉ። ሦስተኛው አላናግርም ብሎ ጀርባውን ሰጠን። አራተኛው እናቱን አስታወሰና አለቀሰ። ሺሜ ‘ይኸው! አላልኩም!’ እያለ በሁሉም ላይ ይጮሃል። የአልሚው ወኪል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አልወርድም ብሎ ቀረ፤ በኋላ ጎማው እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በትራክተር ነው የጎተትነው። ደህና የነበረችው ኢንጂነሯ ብቻ ናት። መንደሪን እየላጠች ትበላለች።

ሜዳው መሃል ስንደርስ መቅዘፊያዬን አቆምኩ። በየአቅጣጫው ውሃ ነው። ለቤቶቹ ምልክት የተተከሉት ችካሎች ጫፋቸው ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ ብቻ ይታያል፤ አንዱ ላይ ሳቢሳ ቆማለች።

‘እማማ፣ ሜዳው የታለ?’ አለችኝ ኢንጂነሯ።

‘ከሥርሽ ነው።’

የመለኪያ ዘንጓን ሰደደች። አንድ ሜትር ከአሥር። ሌላ ቦታ ሰደደች፤ አንድ ሜትር ከሃያ። አሥራ አንድ ቦታ ለካች። ከዚያ ወደ እኔ ቤት ዘወር አለችና ‘ይህ ሁሉ ቢደፈን ውሃው የት ይሄዳል?’ አለች። ‘እራት ሊበላ እኔ ጋ ይመጣል’ አልኳት። በዚያን ጊዜ እነዚያ አራት የሚጣሉ ሰዎች ሁሉ ጠባቸውን ትተው ቤቴን አዩ። ልጅ ሆነው ደብዳቤ ሳመጣ ከረሜላ የምሰጣቸው ልጆች ናቸው፤ ቤቴን እንደ አዲስ አዩት።

ቃለ ጉባኤው ታንኳው ላይ ተጻፈ። መፈረም ላይ ግን ተቸገርን። ‘በዩጎ አይፈረምም’ አሉ አራቱም በአንድ አፍ፤ ያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ኢንጂነሯ መቼም ብልህ ናት፣ አልተከራከረችም። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቡራ እስኪነፍስ ሦስት ቀን እኔ ቤት ከረመች። እባብ የሚመስለውን ዓሣችንን በበርበሬ ቀቅዬ አበላኋት፤ መጀመሪያ ፈራች፣ ኋላ ድስቱን በዳቦ ጠረገች። ዓርብ ዕለት ሰማዩ ጠራ፣ አራቱም ታርቀው መጡና እየሳቁ ፈረሙ።

ትናንት ምክር ቤቱ ወሰነ። የታችኛው ሜዳ ከግንባታ ፕላኑ ወጥቷል፤ ቦዩም አይነካም። አልሚው ከፈለገ ከመንገዱ በላይ ባለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ሃያ ቤት ብቻ ይሠራል። የአንተን ተቃውሞ ሺሜ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበው፤ ‘የቁጥር አሥራ አራት ገዢ ቁጥር አሥራ አራት እንዳይሠራ ይጠይቃል’ የሚለውን መጀመሪያ ላይ ማንም አላመነም። ስታፈርስ አይቼህ አላውቅም ነበር፤ ጎበዝ ነህ።

አሁን ስለ እኔና አንተ። ቤቱ ያንተ እንደሆነ ከኖቬምበር ጀምሮ አውቄ ነበር። የአልሚው ወኪል ሱቅ በር ላይ ቢራ እየጠጣ ለሚዮ ‘ከኒውዚላንድ ሳይቀር የእናንተ ሰው ፍራኔ ወስዷል’ ብሎ ፎከረለት። ሦስት ቀን አበድኩብህ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ዘመድም እንዲሁ ነው አልኩ። ከዚያ ያ የዩጎው ደብዳቤህ መጣ። የገዛ ቤቱን የሚያሳጣውን መንገድ በእጁ የጻፈልኝ ሰው እንዴት ክፉ ይሆናል? ንዴቴ በረደ፤ ኩራቴ ግን ‘ተወው፣ ይቅር’ አሰኘኝ። ይቅር በለኝ።

‘ና’ አላላችሁኝም ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እውነት ነው። የከለከለችን እናቴ ናት። ‘ና ተብሎ መምጣት ያቃተው ሰው ሁለት ጊዜ ይሰደዳል፤ ይህን ቃል እንዳትጽፉለት’ ትለን ነበር። ድሃ እንደነበርክ፣ ቲኬት እንደማትችል ታውቃለች። እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ እኔ ‘እስከ ዛሬ ሳልለው አሁን ብለው ምን ይለኛል’ እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ጨመርኩ። ‘ና’ የሚል ደብዳቤ በዚህ እጄ ለስንቱ ቤት እንዳደረስኩ እኔ አውቃለሁ። ለአንተ ግን አንድ አልጻፍኩም። ቦታህን የሸፈነው ሰው የለም፤ ቦታህ እንዳለ ነው።

የፎቁ ክፍል ባዶ ነው። ኢንጂነሯ ተኝታበት መስኮቱ የውሃ ወፎቹን ጫጫታ ያስገባል ብላ አማርራለች፤ አንተ አታማርርም። ጣራውን ሚዮና ሺሜ በማርች ያድሱታል። በቋንቋህ የምትቆጣው ሰው ከፈለግህ እኔ አለሁ፤ መልሼም እቆጣሃለሁ። ለጉብኝት አይደለም የምልህ።

ና፣ ፍራኔ። ናና ኑር።

እህትህ ማንዴ


ሄንደርሰን፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013

ለእትዬ ማንዴ፤

ሰላምታዬን አላረዝምም፤ ሻንጣ ሳወርድ እጄን አሞኛል። የዛሬው እውነት ነው።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ረቡዕ ለኬሪ የመጨረሻውን ገጽ ተረጎምኩላት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ‘አባባ፣ ይህን ቃል ነው ስትጠብቅ የኖርከው?’ አለችኝ። አዎ አልኳት። ኮምፒዩተሯን ከፍታ ቲኬቱን ራሷ ቆረጠችልኝ፤ በበጋ እረፍት ልጆቹን ይዛ ትመጣለች። በፌብሩዋሪ 26 ዱብሮቭኒክ እገባለሁ። ጣራው እስኪታደስ አልጠብቅም፤ ለሚዮ መሰላል እይዝለታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ ግን ከእኔ በኋላ ይደርስ ይሆናል። ከቀደምኩት አትክፈቺው። አብረን ቁጭ ብለን አንቺ ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ፤ እኔም ምን እንደጻፈ እንደማያውቅ ሰው እሰማሻለሁ።

ፍራኔ